የሰይድ ፎጣ

ጥር 18፣ ሐሙስ፣ ማለዳ

ሞንታርቦዎቹ ተጭነዋል። ድንኳኑም። ወገቤ ከወዲሁ እምቢ ብሏል፤ ገና ከደ/ማርቆስ እንኳ አልወጣንም። ሾፌሩ ቁርሱን እስኪጨርስ ጋቢና ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ፣ ደብተሬ።

አንድ ነገር ደብቄህ ኖሬአለሁ። ማይክ ሲያፏጭ አልሰማም። ወፍራሙን ድምፅ፣ ከበሮውን፣ የሰባኪውን ንግግር እሰማለሁ። ሹሉ ፉጨት ግን ለኔ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። ሚክሰር ላይ ተቀምጦ ድምፅ ለሚቆጣጠር ሰው ይህ ማለት ዓይኑ የፈዘዘ ሾፌር እንደ መሆን ነው። ሚስቴ እናኑ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታውቅ ነበር። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትለኝ ነገ እላታለሁ። ነገ ሳይመጣ ሄደች። ከእሷ በኋላ ለማንም አልተናገርኩም። የዕቃዎቹ ባለቤት ወ/ሮ ብርቄ ብታውቅ ከሚክሰሩ ታነሣኛለች። ከዚያ ወዲያ እኔ ምንድን ነኝ?

ሰይድ ግን የሚያውቅ ይመስለኛል። የይጁቤ ልጅ ነው፤ ጄኔሬተሩ በእሱ ኃላፊነት ነው። ሥራ ስንጀምር ፎጣውን ይዞ ሜዳው ጫፍ ድረስ ይሄዳል፤ ከፍ ካደረገው ጨምር፣ ዝቅ ካደረገው ቀንስ። የቆየ ደንባችን ነው። ሙከራው ሲያልቅ ወደ ጄኔሬተሩ መመለስ አለበት። አይመለስም። ሕዝቡ መሐል ፊት ለፊቴ ይቆማል። ማይኩ ሲያፏጭ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፣ እኔም እቀንሳለሁ። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እሱም ተናግሮ አያውቅም።

ሾፌሩ መጣ።

ጥር 19፣ ዓርብ፣ ጀንበር ስትገባ

ሉማሜ። የሦስት ቀን ጉባኤ፣ በደብሩ ሜዳ። ነፋሱ መከራ ነው። ካስማ ስንተክል መሬቱ ድንጋይ፤ አንዱን ገመድ ስንፈታ ስናስር ረፈደ። አቧራው እንዳይገባበት ሚክሰሩን ጋቢዬን አለበስኩት። እኔ ይብረደኝ።

ማይክ ስሞክር ሀሎ ሀሎ አልልም፤ ጸሎት ነው የማደርስበት። ሰይድ ከሜዳው ጫፍ ፎጣውን እያውለበለበ ይጮኻል፦ «ጋሽ ይርጋ! ግማሹን እኮ በቃሌ ያዝኩት! ኋላ ድቁና ካልተቀበልክ እንዳይሉኝ!» ለዚያ ራስህ የሚሆን ቆብ ከየት ይመጣል ብዬ በማይኩ መለስኩለት። ሜዳው ሁሉ ሰማ። ዲያቆናቱ ሳቁ፤ ሰይድ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ሰይድ ዳቦ ገዝቶ ከጄኔሬተሩ አጠገብ አስቀምጦልኝ ነበር፣ ብርዱ እንዳያደርቀው።

ሰው ወደ እኛ ዞሮ የሚያየው ድምፅ ሲጠፋ ብቻ ነው። ዛሬ ማንም አላየንም። ተመስገን። ደክሞኛል።

ጥር 20፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት



ስብከቱ መሐል ድምፁ ድርግም አለ። ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። ነፋሱ የጄኔሬተሩን ሸራ ገልብጦ መተንፈሻውን ደፍኖታል፤ ሞተሩ ግሎ፣ ጨሶ፣ ተቃጠለ። አጠገቡ ሰው አልነበረም። ሰይድ ፎጣውን ይዞ ሕዝቡ መሐል ቆሞ ነበር። ለእኔ ሲል።

ሰባኪው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ያለ ማይክ ቀጠለ። ከሩቅ በእግራቸው የመጡት አሮጊቶች ከኋላ ነበሩ፤ ምንም ሳይሰሙ እንደ ቆሙ ቀሩ። አንዳቸውም አልሄዱም። እሱ ነው የባሰኝ።

ወ/ሮ ብርቄ ከማርቆስ ደረሰች። የት ነበርክ አለችው። ሰይድ አየኝ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ ሻይ ልጠጣ ወጣ ብዬ ነበር አላት።

«ሻይ?» አለች። «በል እንግዲያው ቤትህ ተቀምጠህ እንደ ልብህ ጠጣ።»

እኔ ኬብል መጠቅለል ያዝኩ። ሰይድ ፎጣውን አጣጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ ብሎ ሄደ። ደኅና ግባ እንኳ አላልኩትም።

ጥር 21፣ እሑድ፣ የማርያም ዕለት

በኪራይ ጄኔሬተር ሠራን። በሰይድ ቦታ የመጣው አዲሱ ሰው ከጄኔሬተሩ ሥር ንቅንቅ አላለም። ደንቡም ያው ነው።

የሰዉን ፊት እያየሁ ልሠራ ሞከርኩ። ዝማሬው መሐል የፊተኞቹ ጆሯቸውን ያዙ። አንዲት እናት የሕፃኗን ራስ በነጠላዋ ሸፈነች። ምን ሆኑ እላለሁ እኔ፤ ለኔ ሁሉም ሰላም ነው። አንድ ዲያቆን ሮጦ መጥቶ እጁን በእጄ ላይ ጭኖ ድምፁን ዝቅ አደረገው። «አይሰማዎትም እንዴ አባቴ?»

ኬብሉ ነው አልኩት። በበዓሏ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ። አመነኝ። የዘንድሮ ኬብል መቼም ብሎ አዘነልኝ።

ዕቃ ስንጭን ደከመኝ። የሥራ ድካም አይደለም። የሥራ ድካም አውቃለሁ።

ጥር 23፣ ማክሰኞ

ከአልጋ ሳልነሣ ረፈደ። ለንስሐ አባቴ ልንገር ብዬ ለበስኩ፤ ከበሩ ተመለስኩ። ለእሳቸው መንገር ይቀለኛል። ስገድ ይሉኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ይፈቱኛል። ሰይድ ግን ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። ንስሐውን መሸሸጊያ ላደርገው ነበር።

ከሰዓት ሰይድ ደወለ። ወገብዎ እንዴት ነው አለኝ። ደኅና። ልጆቹስ አልኩት። ደኅና።

«ጋሽ ይርጋ፣ አዲሱ ሰው ፎጣ አለው?»

ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው አልኩት። እትዬ እናኑ ናቸው የነገሩኝ አለ። ታመው የተኙ ጊዜ ልጠይቃቸው መጥቼ፣ እርስዎ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ። «አደራ አሉኝ። አደራ ይበላል እንዴ?»

እናኑ። አልጋ ላይ ሆና ስለ ጆሮዬ። እኔ ሚስጥር የያዝኩ መስሎኝ ሁለት ሰው ተሸክሞኝ ኖሯል።

ጥር 24፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ሄድኩ። ወ/ሮ ብርቄ መጋዘኗ ውስጥ የተቃጠለውን ሞተር እያስፈታች ነበር። ወንበር ሰጠችኝ፤ አልተቀመጥኩም። ነገርኳት። ጆሮዬን። ፎጣውን። ሻይ የሚባል ነገር እንዳልነበረ። እኔ ቆሜ ዝም ማለቴን። የእናኑን ብቻ አልነገርኳትም፤ እሱ ለኔ ይቅር።

ከሞተሩ ቀና አለች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በማን ጆሮ ነው ስንሠራ የኖርነው?»

በሰይድ አልኳት።

ሌላም ነገር አለች፤ ወደ ሞተሩ ዞራ ስለ ነበር አልያዝኩትም። ድሮ ቢሆን የሰማሁ መስዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር። አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ አልኳት። በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት። ዞረች፤ አፏን እያየሁ ደገመችልኝ። ለቅዳሜው የጉንደ ወይን ሥራ ሚክሰሩ ላይ ማን ይቀመጥ ነው ያለችው።

ስልኬን አወጣሁ። እዚያው እሷ ፊት ለሰይድ ደወልኩለት። ቅዳሜ ሚክሰሩ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ፣ ጄኔሬተሩን እኔ እጠብቃለሁ አልኩት።