የዓምዴ መቀመጫ

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም ማኅሌት፤

ከነልጅሽ እንዴት ሰነበትሽ? ሕፃኑ ሌሊት ያስተኛሻል? ቴዎስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እማዬም ደህና ናት። ይህን የምጽፍልሽ ግቢያችን ውስጥ በቆመችው መኪና፣ በቀኝ በኩል ባለው መቀመጫ ላይ ተቀምጬ ነው። ጉልበቴ ላይ የፊዚክስ መጽሐፌን አድርጌ ወረቀቱን ከላዩ አስደግፌዋለሁ።

ደብዳቤውን እማዬ በቦርሳዋ ይዛው ትመጣለች። የምትሰጥሽ ግን ስትደርስ አይደለም። ክርስትናው ካለፈ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጎህ ሲቀድ ቤትሽ መጥተው ከተቀመጡና አንቺም ካለቀስሽ በኋላ ነው። ስለዚህ አንቺ ይህን ስታነቢ ዓምዴ እንደሞተ አውቀሻል። እኔ ስጽፈው ግን ገና አታውቂም። ነገ ማለዳ መኪናዋ ስትነሣ ወንድማችን እየነዳ የሚመጣ ይመስልሻል።

አትቀየሚን፣ እታለም። ኅዳር ላይ ከመስክ ሥራ ታሞ ተመለሰ፤ ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም አሉ። ስትወልጂ ደግሞ ለአራስ አይነገርም አሉ። ባልሽ ቴዎስ ሁሉን ያውቃል። እሱንም አትቀየሚው፤ ሽማግሌዎቹ አስምለውት ነው። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ የስልኩ ነበር። ፎቶውን ከሻማ ጋር የለጠፈውን ሁሉ ፌስቡክ ላይ እየፈለግሁ እንዲያነሣው ለመንሁ። «ለማስታወስ እኮ ነው» ይሉኛል። «እህቴ ነፍሰ ጡር ናት» እላቸዋለሁ፤ ያነሡታል። ወንድሜን በገዛ እጄ ከየሰዉ ገጽ ላይ አጠፋሁት።

እንግዲህ ስለ ጉዞው ልንገርሽ። ስትወልጂ እማዬን በመኪናው ናይሮቢ ድረስ እንደሚያመጣት ዓምዴ ቃል የገባልሽ ቀን ትዝ ይልሻል። ለእኔም ከጎኑ እንደምቀመጥ የነገረኝ በዚያው ቀን ነው። አሁን ዘመዶቻችን እማዬን በአውሮፕላን ሂጂ ሲሏት «ልጄ በመኪናዬ እወስድሻለሁ ብሎኛል፤ በመኪናው ነው የምሄደው» ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ መኪናዋ የሙሀመድየሱፍ ጋራዥ ገባች። ቺንጋዋ፣ የፍሬን ሸራዋ፣ የፊት ጎማዎቿ፣ ሁሉም ተቀየረ። ሙሀመድየሱፍ ከሥሯ ተኝቶ «ይህቺ መኪና ዓምዴን ታውቀዋለች። እንግዳ ሰው ሲይዛት ታኮርፋለች» አለኝ። ደስ አለኝ። እንድታኮርፍ እፈልግ ነበር።

የሚነዳት ግሩም ነው። ታውቂዋለሽ፣ የዓምዴ የሥራ ባልደረባ፤ በሠርግሽ ላይ ክራባቱ ጀርባው ላይ ዞሮ ሲጨፍር የነበረው አጭሩ። ቀብሩ ካለፈ ጀምሮ መኪናዋን የማስነሣት እኔ ነበርሁ፤ ባትሪዋ እንዳይሞት። ግን አንድም ቀን በሾፌሩ በኩል አልገባሁም። እዚሁ በቀኝ በኩል ተቀምጬ እጄን ዘርግቼ ነው ቁልፉን የማዞረው። የዓምዴ መቀመጫ ለዚያ ረጅም እግሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ መስታወቱም በእሱ ዓይን ልክ ተቃንቶ እንዳለ ነበር። ግሩም በሩን ከፍቶ ገባና ገና ሳይደላደል ከሥር ያለውን ብረት ይዞ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ወደ ፊት ሳበው።

«አትንካው!» አልሁት።

«እግሬ ፍሬኑ ጋ ካልደረሰ በምን ላቁማት? በጸሎት?»

«ሌላ መኪና ንዳ!»

እማዬ በረንዳው ላይ ቆማ ትሰማለች። «ብሥራት፣ ተው» አለች። «ተው» የተባልሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። ግሩም መስታወቱንም ወደ ታች አዘነበለው።

የመኪናዋን ወረቀት ለመጨረስ ከእማዬ ጋር የዞርሁትም እኔ ነኝ። አንዲት ሠራተኛ ሊብሬውን ገልጣ «ከአገር ለማውጣት ባለንብረቱ ራሳቸው ይቅረቡ» አለች። እማዬ የወራሽነት ወረቀቷን ዘረጋችላት። ልጅቱ አነበበችና ተነሥታ የራሷን ወንበር ለእማዬ ሰጠቻት። የቢጫ ወባ ክትባት ሲሰጥ ደግሞ እጅጌዬን ጠቅልዬ ከኋላቸው ተሰለፍሁ። እማዬ ተወጋች። ግሩም መርፌውን ሲያይ ፊቱን አዞረ፤ እሱም ተወጋ። ነርሷ እኔን አየችኝና «አንተም ትሄዳለህ?» አለችኝ። እማዬ «አይሄድም፤ ተማሪ ነው» አለቻት። እጅጌዬን መልሼ ዘረጋሁት።

የማልሄደው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆንሁ ነው ይባላል። እኔ ግን እማዬ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሸጊቱ ስትነግራት ሰምቻለሁ። «አንድ ወንድ ልጅ ነው የቀረኝ፤ እሱን ይዤ በረሃ አልገባም» ነው ያለችው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ በግሩም ላይ ስቀና ዋልሁ። እሱ ዓባይ በረሃን ያያል፣ ያቤሎን ያያል፣ ሞያሌን ይሻገራል፤ ያውም በዓምዴ መሪ።

አንድ ነገር ግን ነበረኝ፣ ግሩም የሌለው። እዚያ አገር በግራ እንደሚነዳ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። የእኛ መኪና መሪዋ በግራ ነው። ስለዚህ ከፊት ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ሾፌሩ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም፤ የሚያየው ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው። ዓምዴ ይህን ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰምቶ መጣና «አንተ ዓይኔ ትሆናለህ» አለኝ። እሑድ እሑድ መንገዱ ጭር ሲል ወደ ሰባታሚት እንወጣና ከአህያ ጋሪ ኋላ በግራ ይነዳል። «ቆይ» ስለው ይቆያል፤ «እለፍ» ስለው ያልፋል። ሌላ ቃል የለንም። ቆይ ብዬው አንድም ቀን ለምን ብሎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ባለባጃጅ «በጠዋቱ ሰክራችኋል እንዴ!» ብሎ ጮኸብን። ዓምዴ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ናይሮቢ ገብተናል እኮ!» አለው። ስንመለስ ሐይቁ ዳር ቆመን የተጠበሰ ዓሣ እንበላለን፤ እጁን ሱሪዬ ላይ ይጠርጋል።

አሁን በእኔ ቦታ የምትቀመጠው እማዬ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ግሩም ሊያለማምዳት ወደዚያው መንገድ ወሰዳት፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥሁ። ጋሪ ከፊታችን አለ።

«እማማ፣ ልለፍ?» አላት።

እማዬ ከሩቅ አይሱዙ ስታይ ሁለት ዓይኗን ጨፍና «እመቤቴ ድረሽ!» አለች። ግሩም ፍሬኑን ረገጠው።

«እማማ፣ ‹እመቤቴ› ማለት እለፍ ነው ወይስ ቆይ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! አንተ ሾፌር አይደለህም?»

ሳቄ መጣ። ከሳቁ ሥር ግን ሌላ ደስታ ነበር፤ ያለ እኔ አይሆንላቸውም። ስንመለስ ሞተሩ ጋለና ግሩም ከኋላ ካሉት ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች አንዱን አንሥቶ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው። ለካ እማዬ ለልጅሽ ክርስትና ከዘጌ በጀልባ ያስመጣችው ጠበል ነው። ጮኸችበት፣ ራሷን ያዘች። ከዚያ ሞተሩን ለአፍታ አየችና «በቃ፣ እሱም ይጠመቅ» አለች። ደግነቱ ጀሪካኑን አልጨረሰውም፤ የተረፈውን ታመጣለች።

ማታ ግሩም እኔ ወዳለሁበት መጣና መኪናዋን ተደግፎ ቆመ። «ብሥሬ፣ እኔን ጥላኝ፤ መብትህ ነው። እናትህን ግን አስተምራት። እኔ ብቻዬን ብሆን በጆሮዬም እነዳት ነበር።» ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልሁ። ዝም ካልሁ ወይ እኔን ይወስዱኛል፣ ወይ ሁሉም ይቀራል ብዬ ነበር። ይበልጥ የምፈልገው እንዲቀር መሆኑን ያወቅሁት አንቺ ስትደውዪ ነው።

እሑድ ዕለት ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። «ዓምዴስ?» አልሽኝ።

«ጎማ ሊያስቀይር ሄዷል» አልሁሽ።

ሳቅሽ። «እባክህ ያንን እግሩን ከነዳጁ ላይ አንሥቶ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ንገርልኝ።»

«እነግረዋለሁ።»

«ልጄን ከቤተሰቡ ማንም ሳይቀድመው የሚያቅፈው እሱ ነው፤ እማዬም እንዳትቀድመው። ይህንንም ንገረው።»

«እሱንም እነግረዋለሁ» አልሁ። ስልኩን ዘግቼ በሩን አየሁ። ጎማ አስቀይሮ የሚገባ መሰለኝ።

እታለም፣ ከሁሉ በላይ የቀናሁት በአንቺ ነው። በግሩም የቀናሁት ይህን አያህልም። እኛ ኅዳር ላይ ያጣነው ወንድም አንቺ ዘንድ እስከ ዛሬ አለ። እዚህ ልብሱ ተሰጥቶ አለቀ፤ የመሥሪያ ቤቱም ጠረጴዛ ሌላ ሰው ይዞታል። አንቺ ጋ ግን ሥራ ይበዛበታል፣ ኔትወርክ ያጣል፣ ጎማ ያስቀይራል። ስትደውዪ እማዬ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ መስማት አትችልም። እኔ ግን ስልክሽን እጠብቅ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ እኔም ወጣ ያለ ወንድም ይኖረኛል። መኪናዋ ናይሮቢ የደረሰች ዕለት ይህም እንደሚያበቃ ገባኝ። ታዲያ ለምን እማዬን ላስተምራት?

ግን አቅፎ ያነሣዋል ያልሽው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በር ላይ ልጅሽን ታቅፈሽ የሾፌሩ በር እስኪከፈት ስትጠብቂ ታየኝ። ግሩም ሲወርድ፣ ዓምዴ በወረቀት ጉዳይ ሞያሌ ቀርቷል ሲሉሽ ታየኝ። ከዚያም ያ የመርዶው ጠዋት ታየኝ። እኔ ስሰማ እማዬ አጠገቤ ነበረች፤ ነጠላዋ ውስጥ ነው ያለቀስሁት። አንቺ በማን ነጠላ ታለቅሻለሽ?

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ «ተነሡ፣ ሰባታሚት እንሂድ» አልኋቸው። እማዬን ቦታዬ ላይ አስቀመጥኋት።

«እማዬ፣ አንቺ ስትጨፍኚ ግሩምም ይጨፍናል።»

«ልጄ፣ ያ ከባድ ሲመጣ ማየት አልችልም።»

«ከባዱን አትዪው። ከጎኑ የተረፈውን ባዶ መንገድ ብቻ እዪ። ሲሰፋ እለፍ በይው፣ ሲጠብ ቆይ በይው።»

ይህን ዓምዴ ነው ለእኔ የነገረኝ። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። እማዬ የመቀመጫዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ቀና አለች። ውኃ የጫነ መኪና ከወዲያ መጣ። አልጨፈነችም። «ቆይ!» አለች፣ ሰምቼባት የማላውቀውን ድምፅ አውጥታ። ግሩም ቆየ፤ ለምን አላለም። መኪናው አለፈ። «እለፍ! እለፍ አንተ!» አለችው። ጋሪውን ቀደምነው፤ እማዬ ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ወዲያው በመዳፏ አፏን ያዘች። በእኔ ቦታ ላይ ተቀምጣ ለግሩም ስለሳቀች ያም ሳቅ አስቀናኝ። ከኋላ ሆኜ በመስኮቱ ማሳውን አየሁ።

ሻንጣዋ ተዘጋጅቷል። ከሉን ለብሳው ትነሣለች፤ ነጩን ቀሚስ ግን ሻንጣው ውስጥ ከላይ አድርጋዋለች፣ ከመድረሷ በፊት ልትቀይር። ነጭ ለብሳ ስላቀፈችሽ አትዘኝባት። ግሩምንም አትጥዪው፤ እኔ ለሁለታችንም የሚበቃ ያህል ጠልቼዋለሁ። ደግሞ ጥሩ አድርጎ ይነዳል።

ልጁን ምትኩ በዪው የሚሉሽ ይኖራሉ። እዚህም እያሉ ነው። እባክሽ አትዪው። የራሱ ስም ይኑረው፤ የዓምዴም ቦታ ክፍት ይቆይ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለቅሶው ጋብ ሲልልሽ ብቻሽን ወደ መኪናዋ ውረጂ። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ያለውን ብረት ወደ ላይ ሳቢና መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፊው፤ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ። መስታወቱንም ቀና አድርጊው። ከዚያ ዞረሽ በቀኝ በኩል ግቢና ትንሽ ተቀመጪ። ቦታውን ለአንቺ ሰጥቻለሁ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው የከረምሁት።

እመቤታችን ሕፃኑን በእቅፏ ታሳድግልሽ፤ አንቺንም ታጽናሽ። መንገዱን ሰላም ታድርግላቸው። ስትችዪ ደውዪልኝ። ስለ እሱ ባትጠይቂኝም ስልኩን አነሣለሁ።

ታናሹ ወንድምሽ
ብሥራት