አተላ የማይቀርበት ፋብሪካ

ለማትሰለቸኝ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጃችሁ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚያስፈራራችሁ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም የቆየ ወዳጄ ስለሆነ አልቆጥረውም። ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዛት እንዳትል። ስልክ ላይ ድምፅህን ስሰማ የመጣሁበት ነገር ይጠፋኛል፤ ደግሞም አንተ ሁሌ ስብሰባ ላይ ነህ።

የምትመራው ፋብሪካ የተመረቀ ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ከቢራ ፋብሪካው በቧንቧ የሚመጣላችሁ አተላ እንዴት እንደሚጨመቅ፣ ከውስጡ ለምግብ የሚሆን ዱቄት እንደሚወጣ፣ ፈሳሹ ተብላልቶ ለፕላስቲክ መሥሪያ እንደሚሆን፣ የቀረው ገለባ እንኳ ማሞቂያው ውስጥ ገብቶ እንደሚነድ ስታስረዳ አፌን ከፍቼ ሰማሁህ። ኮራሁ፤ ምን እዋሻለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችውን የማላውቃትን ሴትዮ በክርኔ ጎሸም አድርጌ ወንድሜ ነው አልኳት። ከዚያ በመስታወቱ በኩል ወደ ቢራ ፋብሪካው የጓሮ በር እጅህን ዘርግተህ፣ ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ ዝም ብሎ ሲጣል የኖረ ነው አልክ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ወንድምዬ፣ በዚያ በር እኮ እኔና አንተ ለላሞቻችን አተላ ልንቀዳ በርሜል ገፍተናል። የሰፈሩ ላም አርቢ ሁሉ በየበርሜሉ ላይ የራሱን ቀለም ጨርቅ አስሮ ማታውኑ ያሰልፍ ነበር። ሰው ቤቱ ይተኛል፣ በርሜሉ ተራ ይይዝለታል፤ የሌላውን በርሜል ነቅንቆ የሚያልፍ አልነበረም። የእኛው ጨርቅ ከእናታችን ቀሚስ የተቀደደው ቢጫ ነው። ደብተርህ፣ ጫማህ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባህበት ሻንጣ፣ ሁሉም ከዚያ አተላ የወጣ ወተት ነው። ውለታ ልቆጥርብህ አይደለም። ግን ተጣለ ያልከው ነገር በማን ሆድ ሲገባ እንደኖረ አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው? በጣም ከፋኝ፤ ለአንተ ካልነገርኩ ለማንም አልነግርም።

ቧንቧው ከተዘረጋ በኋላ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ቤቴ መጡ። ባለ አረንጓዴ ጨርቁ ሽማግሌ፣ ወንድምሽ ምንም አይጣልም ካለ እኛንም ጠቅልሎ ይውሰደና ይጭመቀን ብለው አሳቁን። ሳቁ ሲያልቅ ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ። ባለ ሰማያዊዋ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት፣ ለሁላችን አንድ ሁለት በርሜል ብቻ ይተውልን በይው አለችኝ። እሺ አልኩ። ምን ልል ኖሯል?

ደወልኩልህ። እትዬ፣ ውሉ ተፈርሟል፤ አንዲት አካፋ አተላ ብትወጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ አልከኝ። ድምፅህ ሲሰበር ሰማሁት። አሳድጌህ ሳበቃ ከሥራህ ላስባርርህ? አይዞህ ብዬህ ዘጋሁት። ለጎረቤቶቹ ስልኩ አይነሳም አልኳቸው። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው አጥሯል። አልፈርድባቸውም፤ ሥጋህ ነኝና ከአንተ ጋር አንድ አድርገው ቆጠሩኝ። እኔ ደግሞ ከእነሱም ከአንተም ሳልሆን መሃል ቀረሁ።

ላሞቹን በደረቅ ሣር አባበልኳቸው። አተላው ይመጣበት በነበረው ሰዓት ሁለቱም ብድግ ብለው የግቢውን በር ያያሉ። ለከብት ምን ተብሎ ይነገራል? ቀይዋ ወተቷ ነጠፈና ሥጋ ቤቱ ወሰዳት። ጥቁሯን ግን ሞቼ እንጂ ቆሜ አልሰጥም ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ፎክሬ ነበር። ባዶውን በረት ጠርጌ አጥቤዋለሁ፤ ደረቅ ነው፣ ዕቃ ማስቀመጫ ከፈለግህ ይበቃሃል።

እንግዲህ የጻፍኩበትን ጉዳይ ልንገርህ። ሰኞ እናንተ ጋ ማሸጊያ ክፍል ሥራ እጀምራለሁ። የቀጠረኝ ሰውዬ እዚህ ዘመድ አለሽ ወይ ሲለኝ የለኝም አልኩት፤ ሰው በአንተ በኩል ገባች እንዳይል ብዬ ነው፣ ቅር አይበልህ። ከዚህ በፊት አተላ ነክተሽ ታውቂያለሽ ሲለኝም አላውቅም አልኩት። ፀጉርና አፍ ስለሚያሸፍኑን ማንም አይለየኝም። አንተ ግን ዓይኔን ታውቀዋለህ። እንግዶች ይዘህ ስትገባ እንዳትደነግጥ፤ ማብራሪያህን ሳታቋርጥ እለፍ። እኔም ከከረጢቱ ቀና አልልም።

ልጅህን ጉንጩን ሳምልኝ። ክፉ አይንካህ፤ እጅህን የያዘ ፈጣሪ አይልቀቅህ።

እትዬ የምትለኝ እህትህ