የተጨመረው ዓይን

ሐምሌ 9 ቀን 1976፣ ሰኞ

ዝናብ። የባህል ቢሮው የረጠበ ካፖርትና የዓሣ ሽታ ይሸታል። አንዱ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገዝቶ ጠረጴዛው ሥር ረስቶታል... ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አለቃችን ጓድ ግዛቸው ነው። ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

የሐሙሱ የውይይት ክበብ ተረኛ እኔ ነኝ። ስለ ሥነ ጥበብ ፈለጎች አንብቢ ተባልኩ፤ በቢሮው ውስጥ የስዕል ትምህርት ቤት የጨረስኩት እኔ ብቻ ነኝና። ግዛቸው ጆሮውን በክብሪት እንጨት እየቆፈረ መመሪያ ሰጠኝ። "ሁለት ናቸው በይ። የሰፊው ሕዝብና የአድሃሪው። ሌላው ዝርዝር ነው።" እንጨቱን አገላብጦ አየና መልሶ ኪሱ ከተተው። ስንት መቶ ዓመት ሰው የለፋበት ነገር በሁለት መሳቢያ!

ከሰዓት ወጣ ብዬ ጋሽ አምሳሉን አየሁት። ከቢሮአችን ማዶ ካለው አዳራሽ ፊት መሰላል ላይ ነው፤ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ማርክስን፣ ኤንግልስንና ሌኒንን ትልቅ ቆርቆሮ ላይ ይስላል። አዋሳ ውስጥ ያለ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ የእሱ እጅ ነው። ልጅ ሳለ ጎጃም ከቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ዘንድ ነው የተማረው። "አንቺ ልጅ፣ ጢሙ በዛ እንዴ?" አለኝ ከላይ። አልበዛም አልኩት። "ይብዛ፣ ቀለሙ የመንግሥት ነው" ብሎ ሳቀ። ዛሬ ደስ ያለኝ ይቺ ብቻ ናት።

ሐምሌ 12፣ ሐሙስ

አነበብኩ። መልኩን ትተው በነገሩ ላይ ያረፈውን ብርሃን ስለሚስሉት፣ ስለ ኢምፕሬሽኒዝም። አንዱን ፊት ከፊትም ከጎንም ባንድ ጊዜ ስለሚያሳዩት፣ ስለ ኪዩቢዝም... ማን ሰማኝ? የሒሳብ ክፍሉ ያንኮራፋል። ግዛቸው ቆሎ ይቆረጥማል፣ ገለባውን መሬት ላይ እፍ እያለ።

ተናደድኩ። ወረቀቱን ትቼ ስለ ራሳችን ስዕል ጀመርኩ። እኔ ያደግኩት ስዕል በሌለበት ጸሎት ቤት ነው፤ አሁን የቀበሌው እህል መጋዘን ሆኗል። ቅዱሳንን ያየኋቸው ትምህርት ቤት፣ በስላይድ ነው። ግን ወደድኳቸው። በቤተ ክርስቲያን አሳሳል ጻድቁ ፊት ለፊት ይታያል፣ በሁለት ዓይኑ። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች በጎን ናቸው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ክፋታቸው በዚያ ይለያል አልኩ።

ሁሉም ነቃ! የሒሳብ ክፍሉ ሳይቀር። ግዛቸው መቆርጠሙን አቆመ። "ሁልጊዜ?" አለ። እውነቱ ብዙውን ጊዜ ነው። ግን እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም... "ሁልጊዜ" አልኩ።

ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ብዙ ቆየ። ዝናቡን የሚያይ መሰለኝ።

ሐምሌ 13፣ ዓርብ

ጋሽ አምሳሉን ከመሰላሉ አውርደው ወሰዱት።

የነገረችኝ ታይፒስታችን ፈትያ ናት። "ሦስቱንም በጎን ስሏቸዋል፣ በአንድ አንድ ዓይን። ሰይጣን ናቸው ማለቱ ነው አሉ። ወላሂ ካሰች፣ ያንቺን ንግግር ነው የጠቀሱት።" ፊቴን አላየችም።

ግዛቸው ኮሪደር ላይ አገኘኝና እጄን ጨበጠ። እጁ ቅባት ቅባት ይላል። "ንቃትሽ ሴራ አጋለጠ፣ ጓድ ካሰች!" ሄጄ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ... ደግሞ ለምን? ሰው እንዲሰማኝ ብዬ!

ሐምሌ 16፣ ሰኞ

የጋሽ አምሳሉ ሚስት እትዬ አባይነሽ ቢሮ መጣች። እስር ቤት ስንቁን ተቀብለዋታል፤ በሕይወት አለ ማለት ነው። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አንቺ ባልሽው ነው የገባው አሉ። እንግዲህ አንቺው የምትይውን ብለሽ አውጪልኝ" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ምን ብዬ ነው የማወጣው?

ሐምሌ 18፣ ረቡዕ

ግዛቸው ዘንድ ገባሁ፣ ከአዲስ አበባ የተላከውን ፖስተር ይዤ። ጋሽ አምሳሉ በካሬ በካሬ ከፋፍሎ የቀዳው ከዚሁ ነው። ፖስተሩ ራሱ በጎን ነው! አስረዳሁት። ይህ ሌላ ፈለግ ነው፣ በፈረንጆቹ ዘንድ የጎን ፊት የክብር ነው፣ ልክ በሳንቲም ላይ... በድሮው ሳንቲም ላይ ያሉት ንጉሥ ትዝ አሉኝ። አፌን ዘጋሁ።

ሄዶ በሩን ዘጋ። "ታዲያ ሰይጣን ያላቸው ፖስተሩን የላከው አካል ነው እያልሽ ነው?"

"አይደለም!" አልኩ። እንዴት ፈጠነ አፌ! በዚያ ሽንኩርት ሽንኩርት በሚል ትንፋሹ ጠጋ ብሎ "እንግዲያው ተጠንቀቂ" አለኝ።

ወጥቼ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ አንጀት ይሻማሉ። እነሱ እንኳ እስኪሞት ይጠብቃሉ።

ሐምሌ 21

ዛሬም ስንቁን ተቀብለዋታል። ደስ አለን። ደስታችን እዚህ ደርሷል።

ሐምሌ 24፣ ማክሰኞ

የበዓሉ ኮሚቴ ስብሰባ። ቆርቆሮው ምን ይሁን? ይጥፋ አለ አንዱ። ሌኒን ፊት ላይ ማን ነው ቀለም የሚደፋው? እንዳለ ይተው? የሰይጣን ምልክት ይዞ? የተሳለ ቆርቆሮ እንዲህ ሰው ሲያስጨንቅ...

የንብረት ክፍሉ አቶ ጌታቸው ጉሮሮውን ጠረገ። "ችግሩ የዓይን ማነስ ከሆነ አንድ አንድ ዓይን ይጨመርላቸዋ!" እፎይ አሉ። አጨበጨቡ! በጎን ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን...

"የጀመረው ይጨርስ፤ ከጨረሰ ይለቀቃል" አለ ግዛቸው። "ባለሙያዋስ ምን ትላለች?" ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አይሆንም ብል ጋሽ አምሳሉ እዚያው ይቀራል። "ከአብዮቱ የስዕል ፈለግ፣ ከሶሻሊስት ሪያሊዝም ጋር ይሄዳል" አልኩ። ይህን ያለ አፍ እንጀራ ይበላል? እጅ አውጡ ሲባል ከሁሉም ቀድሜ አወጣሁ።

ነሐሴ 1፣ ማክሰኞ

በጠባቂ ታጅቦ መጣ። ከስቷል። ጸጉሩን ላጭተውታል። ትእዛዙን ሲነግሩት የሚቀልዱበት መስሎት አንዴ እኔን፣ አንዴ ጠባቂውን አየ። ማንም አልሳቀም። ቀለሙን ይዞ መሰላሉን ወጣ።

"የት ላድርገው?" አለኝ ከላይ ሆኖ።

"ባዶ ያለበት ጋ፣ ጋሼ።"

ባዶው ከጆሯቸው አጠገብ ነው። ሣለው። ሦስቱንም፣ በጥንቃቄ፣ ሽፋሽፍት ሳይቀር። እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም። ማታ ወደ ቤቱ ተለቀቀ። እግዚአብሔር ይመስገን... እትዬ አባይነሽ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

ነሐሴ 5

ሰው ቆርቆሮውን ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። ፈትያ መንገድ ቀይራለች። "በየት ብሄድ ያዩኛል" ትላለች። ግዛቸው ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ተነሣ።

ነሐሴ 22፣ ማክሰኞ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የበዓሉን ዝግጅት የሚያይ እንግዳ ከአዲስ አበባ መጣ። ጀርመን አገር ስዕል የተማረ ነው አሉ። ቆርቆሮው ፊት ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"ይህ ኪዩቢዝም ነው! የበሰበሰ የቡርዧ ፈለግ! ማነው የሠራው?"

ግዛቸው ላብ በላብ ሆነ። "ሰዓሊው ነው ጓድ፤ የቄስ ተማሪ ነው፣ አስቀድሞም ታስሮ..." ሊያስበላው ነው! ዘልዬ ገባሁ። ሰዓሊው ከፖስተሩ አስተካክሎ ነው የቀዳው፣ ዓይኑን ያስጨመረው ኮሚቴው ነው፣ ሰብሳቢው ጓድ ግዛቸው ናቸው አልኩ። እውነት ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። መጀመሪያ የወጣው እጅ የማን እንደነበር ግን አልተናገርኩም። አቶ ጌታቸውም ጫማውን ሲያይ ቆየ።

"ከመካከላችሁ ኪዩቢዝምን የሚያውቅ አለ?" አለ እንግዳው።

"እኔ።"

ራሱን ነቀነቀና ስሜን ጠየቀኝ።

መስከረም 15 ቀን 1977፣ ማክሰኞ

በዓሉ አለፈ። ቆርቆሮው በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ሰነበተና ተነቀለ። ግዛቸው ቦረና ተዛውሯል። ቦታው ለእኔ ተሰጠ። መሳቢያውን ስከፍት የቆሎ ገለባ፣ ያገለገለ የክብሪት እንጨት... ጠርጌ ጣልኩና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዛሬ ጀምሮ ከተማው ውስጥ የሚሰቀል ስዕል ሁሉ ፈለጉ በእኔ ይታያል። ፈትያ እንኳ አንኳክታ ነው የገባችው።

ከሰዓት ጋሽ አምሳሉ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ሥር ቆመ። "ተቀመጥ እንጂ ጋሼ" ብለው እምቢ አለ። ለሥጋ ቤት ማስታወቂያ የሚሆን ንድፍ ይዟል። በሬ ነው። ቆንጆ በሬ፣ ሻኛው ተራራ የሚያክል፣ ወደ ቀኝ የሚሄድ።

"ጓድ ካሰች፣ በሬው በጎን ቢሆን እርስዎ ዘንድ ችግር ይኖረው ይሆን?"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። አየሁት፤ እየቀለደ አይደለም። በሬ በሬ ነው ጋሼ፣ እንደፈለግህ ሣለው፣ ልለው አፌን ከፈትኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ቆመ...

"ለማንኛውም" አልኩት፣ "ፊት ለፊት ይሁን።"