የአቶ ኤልደን ሽራግ ሕይወትና የሽራግ ጡጫ እውነተኛ ታሪክ

አቶ ኤልደን ሽራግ ከአባታቸው ከአቶ ሜናርድ ሽራግና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልቪና ካውፍማን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1945 በካንሳስ፣ ከሳንድ ክሪክ ከተማ በስተሰሜን አራት ማይል ርቆ በሚገኘው የቤተሰቡ የስንዴ እርሻ ላይ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። በዚያው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ ባለው የስታኪ እርሻ ቨርነን የተባለ ልጅ ተወለደ። አቶ ቨርነን ስታኪ በአራት ቀን ይበልጧቸዋል። አቶ ኤልደን ይህችን አራት ቀን ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ አልረሷትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንገዱ ጥግ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ከአቶ ቨርነን ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማው ጨርሰው በ1963 የሳንድ ክሪክ ኮሌጅ ገቡ። የተማሩት የእርሻ ሳይንስ ቢሆንም ኮሌጁ የሚያስታውሳቸው የቤዝቦል ቡድኑ ተቀባይ በመሆናቸው ነው። አቶ ቨርነንም ተቀባይ ነበሩ። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚያሰልፈው ተቀባይ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ቤዝቦል የማያውቁ የቀብር እንግዶች ስላሉ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ተቀባይ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ወርዋሪው የሚልከውን ኳስ የሚቀበል ሰው ነው። የባላጋራ ሯጭ አንደኛው ቤዝ በሚባለው ማረፊያ ላይ ቆሞ ይጠብቅና ወርዋሪው መወርወር ሲጀምር ወደ ሁለተኛው ቤዝ ይፈተለካል። ይህ መስረቅ ይባላል፤ ሕጉም ይፈቅደዋል። ተቀባዩ ኳሱን ይዞ፣ ብድግ ብሎ፣ ሯጩ ሳይደርስ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ለሚጠብቀው ጓደኛው መላክ አለበት። ሯጩ የሚፈጅበት ሦስት ሰከንድ ተኩል ያህል ነው። ወርዋሪው አንድ ተኩሉን ይበላል። ለተቀባዩ ሁለት ሰከንድ ትተርፋለች።

አቶ ኤልደን ለዚህች ሁለት ሰከንድ የተፈጠሩ ሰው ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከጎተራው በር ሆነው የነፋስ መዘውሩን እግር በድንጋይ ይመቱ ነበር። በኮሌጁ እንደሳቸው የሚወረውር አልነበረም። ሆኖም በ1966 የጸደይ ወራት ሠላሳ ስምንት ሯጮች ሊሰርቁባቸው ሲሮጡ የያዙት ዘጠኙን ብቻ ነው። አቶ ቨርነን በዚያው ወራት ሃያ አራት ሰዎች ሮጠውባቸው አሥራ ሦስቱን ያዙ።

አቶ ኤልደን ጥፋቱን በወርዋሪያቸው በአቶ ግሌን ዌድል ላይ ጣሉት። አቶ ግሌን ሲወረውሩ እግራቸውን ከፍ አድርገው የሚያነሱ፣ ቀስ ብለው የሚያወርዱ ሰው ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ሯጮች ዘጠኝ ጊዜ ሲሰርቁባቸው ከባላጋራው ወንበር አንዱ ተነስቶ፣ «ኧረ ሱቁን ዝጉት፣ ሌባ በዛ!» ብሎ ጮኸ። አቶ ኤልደን የፊት መከለያቸውን አውልቀው ወደ አቶ ግሌን ሄዱ።

«አንተ እግርህን ከሰማይ እስክታወርድ ሰውየው ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል እኮ!»

«እኔ ወርውሬያለሁ። ያንተን ሥራ ደግሞ አንተ ሥራ» አሏቸው አቶ ግሌን።

አሰልጣኛቸው አቶ ዋልተር ፕሬሃይም ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው። ከጨዋታው በኋላም አቶ ኤልደንን ለብቻ ጠርተው፣ «ክንድህን አይቼዋለሁ፣ አንደኛ ነው። ጭንቅላትህን ግን እስካሁን አላሳየኸኝም» አሏቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አቶ ግሌንን ለአቶ ቨርነን ሰጡ። ያው ግሌን፣ ያው እግር። አምስት ሰው ሊሰርቅ ሮጦ አራቱ ተያዘ። አቶ ኤልደን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቁ አዩ። የዚያን ዓመት የሊጉ ምርጥ ተቀባይ ተብሎ የአቶ ቨርነን ስም በጂምናዚየሙ ግድግዳ ላይ ተጻፈ። እስከ ዛሬም አለ።

«ለሱ ሲሆን ይፈጥናል፤ ለኔ ሲሆን ይተኛል» ይሉ ነበር አቶ ኤልደን። ይህን አባባል ቤተሰቡ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል።

በ1967 ከኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን መሣሪያ ማንሳትን ስለማትፈቅድ፣ እንደ ብዙዎቹ ወጣቶቿ ጦር ሠራዊት በመግባት ፋንታ በዴንቨር በሚገኝ ሆስፒታል ሁለት ዓመት አገለገሉ። አቶ ቨርነንም እዚያው ተመደቡ። አቶ ቨርነን የደረሳቸው የሕፃናት ክፍል ሲሆን አቶ ኤልደን የደረሳቸው የልብስ ማጠቢያው ነበር። ለእናታቸው በጻፉት ደብዳቤ ስለ ተራሮቹ አንድ መስመር፣ ስለ ቨርነን ምድብ አንድ ገጽ ተኩል ይገኛል።

በጁን ወር 1968 ለዕረፍት ወደ አገራቸው መጥተው ከወይዘሮ ሎይስ ሽሚት ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ወይዘሮ ሎይስ ወንድ ልጃቸውን ብሬንትንና ሴት ልጃቸውን ጃኒንን ወለዱላቸው። አቶ ኤልደን የአባታቸውን እርሻ ተረክበው ስንዴና ማሽላ አመረቱ። ጎበዝ ገበሬ ነበሩ። ቢሆንም አቶ ቨርነን አዲስ የእህል ማጨጃ ሲገዙ፣ የራሳቸው ማጨጃ ገና አራት ዓመቱ ሳለ እሳቸውም አዲስ ገዙ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በመለኪያው የወረደውን አይተው፣ ለአቶ ቨርነን ደውለው የሳቸውን ይጠይቃሉ። የአቶ ቨርነን በልጦ ከተገኘ ያን ቀን ምሳ አይጥማቸውም።

ወይዘሮ ሎይስ አንድ ቀን፣ «ኤልደን፣ በኔ እንኳ እንዲህ ቀንተህ አታውቅም» አሏቸው።

«አንቺ የትም አትሄጂም፤ ምን ያስቀናኛል?» አሉ። ወይዘሮ ሎይስ ይህንን መልስ አልረሱትም፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዲገባ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው።

በቤተ ክርስቲያን የሽራግ ቤተሰብ ወንበር በግራ በኩል አራተኛው ረድፍ፣ የስታኪ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ አቶ ኤልደን ሃምሳ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የአቶ ቨርነንን ማጅራት እያዩ ዘመሩ። አንድ ጊዜ ፓስተሩ «ቅናት አጥንትን ያነቅዛል» የሚለውን ቃል ሲሰብኩ አቶ ኤልደን ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «ማን ነግሮት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ከ1974 ጀምሮ እርሻውን ሳይተዉ የኮሌጁ ተቀባዮች አሰልጣኝ ሆኑ። ለሠላሳ አምስት ዓመት የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት ከአንገታቸው አልተለየም። በ1978 የቀድሞ ተማሪዎች ጨዋታ ላይ አቶ ቨርነንን ሳያውቁ ለኳቸው። ኳስ ጓንታቸው ውስጥ ከገባ ጀምሮ ተወርውሮ ሁለተኛው ቤዝ እስኪደርስ ሁለት ሰከንድ ከሰባት መቶኛ ሆነ። የራሳቸው አንድ ሰከንድ ከዘጠና ስድስት መቶኛ ነበር። በክንድ ይበልጡ ነበር ማለት ነው። ደስ ሊላቸው ሲገባ ይልቁን ባሰባቸው። ክንዱ ካልሆነ ታዲያ ምን ነበር?

መልሱ በ1991 መጣ። የአቶ ግሌን አባት ሲሞቱ በዕቃቸው መሐል አንድ ቆርቆሮ የፊልም ጥቅል ተገኘ። ሽማግሌው ልጃቸው ሲወረውር ከመሐል ሜዳው አጥር ውጪ በእህል መኪናቸው ላይ ቆመው ይቀርጹ ኖሯል። አቶ ግሌን ጥቅሉን ለአቶ ኤልደን አመጡላቸው። አቶ ኤልደን እሑድ ከሰዓት በኋላ በምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ አጫወቱት።

ፊልሙ የሚያሳየው ወርዋሪውን ከጀርባ፣ ተቀባዩን ከፊት ነው፤ ከቡድኑ ወንበር በኩል ፈጽሞ የማይታየው ነገር ይታያል። ተቀባዮች ምልክታቸው እንዲለይ ጣታቸውን በነጭ ፕላስተር ይጠቀልላሉ። አቶ ቨርነን በነጩ ጣታቸው ምልክት ሰጡ፤ ከዚያ ጣቶቻቸውን አጥፈው ጡጫ ጨበጡ። አቶ ግሌንም ኳሱን ይዘው ቆሙ። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንደኛው ቤዝ ላይ ለመሮጥ ያሰፈሰፈው ሰው እግሩ ደረቀ፤ ክብደቱን ተረከዙ ላይ አሳረፈ። ይህን ጊዜ አቶ ቨርነን ጡጫቸውን ፈቱ፤ አቶ ግሌን ወረወሩ። ሯጩ የተነሳው ዘግይቶ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጡጫው ወዲያው ተፈታ፤ በሚቀጥለው ደግሞ ጭራሽ አልተፈታም። ሯጩ መቼ እንደሚነሳ ጠፋው። አቶ ግሌን ያን ዕለት ፈጥነው አልነበረም። አቶ ቨርነን ሌባውን የሚያስቆሙት ኳሱ ሳይወረወር ነበር።

በዚያው ጥቅል ላይ አቶ ኤልደንም ነበሩ። ምልክት ይሰጣሉ፣ ክንዳቸውን አሟሙቀው ይጠብቃሉ። ወደ ሯጩ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላሉም።

ወይዘሮ ሎይስ ከደረጃው ላይ ሆነው፣ «አገኘኸው?» ብለው ጮኹ።

«የለም፤ አሮጌ ፊልም ነው፣ ምንም አይታይም።»

በማግሥቱ ጡጫውን ለተቀባዮቻቸው አስተማሩ። በሁለተኛው ዓመት የሳንድ ክሪክን ቤዝ የሚሰርቅ ጠፋ። ሌሎች ኮሌጆች ሊማሩት መጡ፤ ስሙንም የሽራግ ጡጫ አሉት። አቶ ኤልደን አላረሙም። በ2009 ጡረታ ሲወጡ ተቀባዮች በሚለማመዱበት ግድግዳ ላይ ይኸው ስም በነሐስ ሰሌዳ ተሰቀለ። ለምሳ ግብዣው አቶ ቨርነንም መጥተው ነበር። በሰሃናቸው ላይ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር እየጨመሩ፣

«ጥሩ ነገር ነው ያስተማርካቸው፣ ኤልደን። ከየት አመጣኸው?» አሉ።

«ራሴ ነኝ የደረስኩበት።»

«ብልህ ነህ» አሉ አቶ ቨርነን፤ ደግሞም ሰሃናቸውን ይዘው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ለማንም ምንም አልተናገሩም። አቶ ኤልደን ይህንን ለልጅ ልጃቸው ለኬንድራ ሲተርኩ፣ «ተናግሮ ቢያዋርደኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ማለቱም አስቀናኝ። እኔ ብሆን ዝም አልልም ነበር» ብለዋል።

በ2022 መጨረሻ የልብ ድካም ታመሙ። ልባቸው ከእንግዲህ እንደማይጠገን ሐኪሞቹ ሲነግሯቸው ኬንድራን ጠርተው ወረቀት እንድትይዝ አዘዟት። በቤተ ክርስቲያናችን የሟች የሕይወት ታሪክ በመቅደስ ለሁሉ ይነበባል፤ ሲነበብም ማንም አያቋርጥም፣ ማንም መልስ አይሰጥም። አቶ ኤልደን የመረጡት ይህንኑ ነው። ከላይ ስለ ጡጫው የተጻፈው ሁሉ ከአፋቸው የወጣ ነው።

ኬንድራ፣ «አባባ፣ የቨርነን ቤት እኮ ግማሽ ማይል ነው። ደውዬ ልጥራውና ለራሱ ንገረው» አለቻቸው።

«አልችልም።»

«ለምን?»

«ደስ ሲለው ማየት አልችልም። እኔ ከሞትኩ በኋላ ደስ ይበለው።»

«ይቅርታ ነው ወይስ ቅናት?»

«ሁለቱም ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ኮሌጁም በጠየቁት መሠረት ሰሌዳውን ባለፈው ሐሙስ አንስቷል። አዲሱ «የስታኪ ጡጫ» ይላል፤ ከሥሩም፣ በሳቸው ትእዛዝ፣ የሽራግ ስም የለም።

አቶ ኤልደን ሽራግ ሜይ 3 ቀን 2023 ጠዋት፣ ወይዘሮ ሎይስ የዝናብ መለኪያውን አይተው ሲመለሱ፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ወይዘሮ ሎይስን፣ ልጆቻቸውን ብሬንትንና ጃኒንን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማሯቸውን ተቀባዮች፣ እንዲሁም አንድ ጎረቤት ትተው አልፈዋል።

አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ወደ ግራ፣ ወደ ሦስተኛው ረድፍ እንዲያይ አዘዋል። ከዚያ የሚነበበው ቃል በቃል የሳቸው ነው፦

«ቨርነን፣ ጡጫው ያንተ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰርቄህ ኖሬያለሁ፤ አንተ ደግሞ እያየህ አልወረወርክብኝም። ክንዱ ግን የኔ ይበልጥ ነበር። አንድ ሰከንድ ከዘጠና ስድስት። ኬንድራ፣ ይቺንም ጻፊ።»

ተጽፋለች።

እያንዳንዱን በቀኑ የፈጠረ፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ጸጋ የሰጠ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን የማንም ድርሻ ከማንም ድርሻ በማይለካበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።