ጀምሮ የሚጨርስ ቢላ

ጳጉሜን 2፣ ማታ
ሱቅ ዘጋሁ። ወገቤ ተቆርጧል። ታክሲ የለም፣ ከሰባተኛ እስከ መሳለሚያ በእግሬ። ቀኑን ሙሉ ቢላ ስሸጥ ውዬ ለአባባ የሚሆን አንድ አጣሁ፤ ይታይህ ደብተሬ። አገር ቤት ደውዬ ነበር። የመስቀሉ በሬ ተገዝቷል። አምና አባባ አርደው ብልት ሲያወጡ ቢላው ደነዘ፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤታችን ደምሰው ቢላውን ተቀብሏቸው እሱ ጨረሰው። ለክፋት አይደለም። አባባ ግን እስከ ዛሬ አልረሱትም።
"ጀምሮ የሚጨርስ ቢላ ላክልኝ" አሉኝ።
አምጣልኝ አላሉም። እኔም አልሄድም። ደክሞኛል፣ ገበያውም አሁን ነው። የአክስቴ ልጅ ያደርስልኛል።

ጳጉሜን 4
ከሱቁ የሚያብረቀርቀውን፣ የማይዝገውን ቢላ አወጣሁ። የቃጫ ገመድ ጣውላ ላይ ዘርግቼ መቆራረጥ። ጥቂት ቆረጠ፣ ከዚያ ማሸት ብቻ። በደርዘን የምሸጠው እሱን ነው። ባለቤቴ አለም፣ ነጋዴ አግብቼ ገመድ ቆራጭ ሆነብኝ ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።
ከሰዓት ምናለሽ ተራ፣ ቢላ ቀጥቃጩ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ። አንድ ከአሮጌ ሞረድ፣ አንድ ከጭነት መኪና ባሌስትራ ሊሠሩልኝ ተስማማን።

መስከረም 4
ሁለቱም ደረሱ። የሞረዱ ጉድ ነው! ገመዱ አለቀ፣ እሱ አልደነዘም። የክንዴን ፀጉር ይላጫል። የባሌስትራው ግን ገመዱ ሳያልቅ ደነዘ። ተገላገልኩ። የሞረዱን በጨርቅ ጠቀለልኩት።

መስከረም 6
ጋሽ ሸምሱ አጥንት ላይ ሳትሞክረው እንዳትልክ ብለውኝ ነበር። ከጎጃም በረንዳ ሥጋ ቤት የበሬ ጉልበት አመጣሁ። የሞረዱን መጋጠሚያው ውስጥ አስገብቼ ጠመም አደረግኩት፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንደሚያደርገው። ቀጭ አለ። ስለቱ ተሸርፏል። ስባሪውን ሥጋው ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ የለም። እንግዳ ቢውጠውስ? አባባ ቆርጠው ባቀረቡት ሥጋ? ፈራሁ።
በባሌስትራው ያንኑ ደገምኩ። ጎበጥ አለ፣ ተመለሰ።

መስከረም 9
ጋሽ ሸምሱን ለመንኳቸው፤ የማይደንዝም የማይሸረፍም አንድ ይሥሩልኝ። ሻያቸውን አስቀመጡ።
"ልጄ፣ እንዲያ ያለ ብረት ባገኝ እስከ ዛሬ እዚህ እቀጠቅጥ ነበር? ባሌስትራውን ውሰድ። ይደንዛል እንጂ አይሰበርም። ብቻ መሳያ ድንጋይ የሚያስነካላቸው ሰው አጠገባቸው ይኑር።"
ተናደድኩ። ብረት ልገዛ ሄጄ ሥራ ጨመሩልኝ። ደግሞስ ማን አለ? ወንድሞቼ ሁሉም ተበትነዋል። ደምሰው? እሱ ሊስል ከተቀበለ ራሱ ነው የሚጨርሰው። እናቴ ዓይኗ ደክሟል።
ሌላ ስም አጣሁ። ተኛሁ።

መስከረም 12፣ ጠዋት
ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ፤ ቢላውን አልልክም፣ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ አልኩት። ሱቁን አለም ትይዛለች። በመሸጥ እሷ መቼም ከእኔ ትሻላለች። ሂድ ገመድ ቆራጩ አለችኝ። ድካሙ አልለቀቀኝም፣ መንገዱንም ሳስበው ይደክመኛል። የባሌስትራውን ቢላ ጠቅልዬ፣ መሳያ ድንጋዩን ለብቻው ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሲደንዝባቸው እቀበላቸዋለሁ፣ ስዬም መልሼ እሰጣቸዋለሁ።