የከረመ መና

ጁባ፣ መጋቢት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድም ጋሼ ግዛው፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለህ? ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ራሴን ተጠይፌዋለሁ። ባለቤትህ ማንያህልሻል ያረፈች ጊዜ የላክሁልህ ደብዳቤ፣ ያ በጸሎት መጽሐፍህ ውስጥ አጥፈህ ያስቀመጥከው፣ ስለ እሱ የምነግርህ ነገር አለኝ። ከሰማህ በኋላ ወንድሜ ብለህ ባትጠራኝ አልፈርድብህም። መጀመሪያ ግን እዚህ የሆነውን ስማኝ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። ጀበል ኩጁር ተራራ ሥር ባለችው ትንሽ ገዳማችን ለየእሑዱና ለየበዓሉ ንባብ አስተንትኖ የምጽፈው እኔ ነኝ። ኢትዮጵያ በስደት ኖረው የተመለሱት ምእመናንና ለሥራ የመጡት ያገራችን ልጆች በአማርኛ ይሰሙታል። በላቲኑ ሥርዓት የእሑድ ንባብ በየሦስት ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፤ የዘንድሮው የ1999ኙ ነው። እኔ ደግሞ የጻፍኩትን ሁሉ ክላሰር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሰው ሲሰንፍ መቼም ዘዴ አያጣም፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አሮጌውን ወረቀት እያወጣሁ ቀኑን ብቻ እለውጥበታለሁ። ሰዉም ሲወጣ ልባችንን ነኩት ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ አመሰግናለሁ። ድንቄም አስተንታኝ!

ያለፈው እሑድ በጾሙ መካከል የምናከብረው የደስታ እሑድ ነበር። በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚለበሰውን ሮዝ ልብሰ ተክህኖ ለብሼ ተጎልቻለሁ። ወንጌሉ የጠፋው ልጅ ታሪክ ነው። አስተንትኖውን የምታነብልን ጋምቤላ ያደገችው ሬጂና ናት። መሀል ላይ ደርሳ ቀጥ አለች፤ ቀና ብላም አየችኝ። መስመሩ የጠፋባት መስሎኝ ቀጥዪ ብዬ በራሴ ምልክት ሰጠኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው፦ «ወንድማችን ቹኦል ዛሬም ልጁን ይጠብቃል፤ ልጁም ይመጣል፤ የሰባውን ፍሪዳ አብረን እንበላለን።»

ቹኦል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ልጁ በ1983 ከኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ሲሸሹ የጠፋበት ነው። በ1999 በእርግጥም ይጠብቀው ነበር፤ ተመላሽ መጣ በተባለ ቁጥር እየሄደ የሰው ፊት ሲያይ ይውል ነበር። በዓመቱ ግን ልጁ ኬንያ ካምፕ ውስጥ ከሞተ መቆየቱ ተረጋገጠ። ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔው ነኝ። እና ረሳሁት፣ ጋሼ። ቹኦል አልጮኸም፣ ጥሎም አልወጣም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ፤ ቁርባን ግን አልተቀበለም።

የዚያ ቀን የመጀመሪያው ንባብ ደግሞ፣ ሕዝቡ ከምድሪቱ ፍሬ በበሉ ማግስት መናው መቅረቱን የሚናገረው ነው። መና ሲያድር ይተላል፣ ይሸታል እያልኩ ስንቴ አስተምሬአለሁ! እኔ ሦስት ዓመት የከረመውን ነው ያቀረብኩላቸው። ምሳ ሲቀርብ ማዕዱን ባረክሁ። የገዛ ድምፄ እጅ እጅ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት በቦዳቦዳ ሞተር ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወረድኩ። ቹኦል እዚያ ጎማ ይለጥፋል። ማሌሽ አልኩት፤ እዚህ ይቅርታ የሚባለው እንዲህ ነው። ወረቀት ተምታቶብኝ ነው ብዬም ዋሸሁት። ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ይሄ ነው፤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ውሸት ጨመርኩበት። እጁን ከጎማው ሳያነሳ ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦

«አባ፣ አሮጌ መሆኑንማ አውቄአለሁ። የከፋኝ እሱ አይደለም። ያኔም ሲጽፉት ‹ልጁ› ብለው ነው። ስሙን ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ፍትሐቱ ላይ ከብጣሽ ወረቀት አንብቤዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ከየት ይምጣ። ዱኦት ነው አለኝ። ጎማውን አስቀምጦ አጫወተኝ፤ ዱኦት እንቁራሪት ይፈራ እንደነበር፣ ባሮ ዳር ሲሄዱ ትከሻህ ላይ ካልወጣሁ እያለ ያለቅስ እንደነበር። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም። እኔም በለኝ አላልኩትም።

ተመልሼ ክላሰሩን ላቃጥለው አወጣሁት። ሳገላብጥ ለሙታን መታሰቢያ ቀን የጻፍኩትን አገኘሁ፤ «የምንወዳቸው ቀድመውን ደረሱ እንጂ አልጠፉም» ይላል። ጋሼ፣ አንተ ይህን በቃልህ ታውቀዋለህ። በስልክ እያለቀስክ ያነበብክልኝ ነው። ለአንተ የተጻፈ አልነበረም፤ ለማንም ለሚያዳምጥ የተጻፈ ነው። «የምንወዳቸው» የሚለውን አውጥቼ የማንያህልሻልን ስም አስገባሁበት፣ ገለበጥኩት፣ ፖስታውን አሸግኩት። አንተ እዚያ እምድብር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠህ፣ እኔ ላንተ የምለው የራሴ ቃል አልነበረኝም። አፈርኩ ማለት አይበቃም፤ ራሴን ማየት አስጠላኝ።

ያን ደብዳቤ አውጣና እሳት ውስጥ ክተተው። በእሱ ፈንታ ይህን ያዝልኝ። ገዳም የገባሁ ዕለት ሁላችሁም ስታለቅሱ፣ እሷ ብቻ እዚያ ካልሲ ያስደርጓችኋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እግሬ ከበረደኝ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ታውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሹራብ ካልሲ በእጇ ሠርታ ትልክልኝ ነበር። ጁባ ከመጣሁ በኋላ፣ በዚህ እሳት ውስጥ፣ መላኳን አልተወችም። በስልክ ልክህ ነው ወይ ትለኛለች፤ ልክ ነው እላታለሁ፤ ለሰው ሰጥቼው። የመጨረሻው ካረፈች ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰኝ። አልነገርኩህም፤ ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። ቡናማ ነው። የግራው ከቀኙ ይረዝማል፤ ዓይኗ ደክሞ ነበር መሰለኝ።

አሁን አድርጌዋለሁ። ልኬ አይደለም። እግሬ እየነደደ ነው የምጽፍልህ፤ አላወልቀውም።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ደጅህን ሰው አያሳጣው፣ የማንያህልሻልን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ብትቆጣም ቁጣህን ጻፍልኝ።

ታናሽ ወንድምህ በድሉ፣
እዚህ አባ ገብረእግዚአብሔር የሚሉት