ከመጋረጃ ጀርባ የጠበቅኩት ድምፅ

ወንድሜ ሹክሹክ፣ ሰላምታዬ ከፖስት ካርዱ ቀድሞ ይድረስህ።

ትናንት አመሻሽ ላይ እዚህ ሰው አገር እግር ጥሎኝ አንድ አሮጌ ቲያትር ቤት ገባሁ። ጣሪያው ስለሚያፈስ ለማሠሪያ ገንዘብ እያሰባሰቡ ነበር። ተዋናዮቹ ጠረጴዛ ከበው የድሮ ተውኔት ያነባሉ፣ ታዳሚው ወይኑን እየተጎነጨ ያዳምጣል። ሁሉም ከሰው ጋር ነው የመጣው። እኔ ካፖርቴን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ ሰው ያለው እንዲመስል።

ሽማግሌውን አባት ሆኖ የሚያነበው ተዋናይ ታሞ ቀረና አዘጋጇ «ከእናንተ መሀል መድረክ የሚያውቅ አለ?» ብላ ጠየቀች። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን አወጣሁ።

ሁለት ገጽ ያህል ጥሩ ሄድኩ። ልጁ ጥሎት ሲወጣ ግን ዝም አልኩ። ቃለ ተውኔቱ ተጽፎ በእጄ ይዤው ሳለ፣ አንገቴን ወደ ግራ አዙሬ አንተን ጠበቅኩህ! በሃያ ዓመት የመድረክ ሥራዬ መች አንድ ቀን አጥንቼ ወጥቼ አውቃለሁ? ከመጋረጃው ጀርባ ሆነህ ቃል የምታቀብለኝ አንተ አልነበርክ? እዚህ በግራ በኩል ያለው የባዶ ጠርሙስ ሳጥን ብቻ ነው። ከስንት ዝምታ በኋላ ራሴ አነበብኩት።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አዘጋጇ ብርጭቆዬን እየሞላች «ያቺ ዝምታ ልብ ትሰብራለች፤ የት ተማሯት?» አለችኝ። «ጓደኛዬ ነው ያስተማረኝ» አልኳት።

ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። ልጆችህን አንድ በአንድ ሳምልኝ። እናቴ ጋ ጎራ ብለህ «ተመችቶታል» በልልኝ። እኔ ስደውልላት ቃሉ ይጠፋብኛል።